«አላውቀውም» ያልኩት ሰንጢ

ዘሀራዬ፣

አላህ ቀብርሽን ብርሃን ያድርግልሽ። አንቺ ከተለየሽን ሁለተኛው ረመዳን አለፈ። የመጀመሪያውን እንዴት እንደጾምኩት እንኳ አላስታውስም። የዘንድሮው ግን ከልቤ አይወጣም፤ ከጨረቃው መታየት እስከ ዒዱ ድረስ በአንቺ ፊት እያፈርኩ ነው የጾምኩት።

በሕይወት ሳለሽ ደብዳቤ ጽፌልሽ አላውቅም። አንድ ጣሪያ ሥር እያደርን፣ አንድ ሱቅ ውስጥ እየዋልን ምን የሚጻፍ ነገር ነበረን? አሁን የምናገረው ነገር አለኝ፤ የምናገረው ሰው ግን አጣሁ። ልጆቹ ፊት አባት ነኝ። ጎረቤት ከሰማ ነገ የሰፈር ወሬ ነው። አንቺ ግን ጉድለቴን ድሮም ታውቂው ነበር፤ ሸፍነሽልኝ ነው የኖርሽው።

አስቀድሜ ስለ ቤቱ ልንገርሽ። ሱቁን አሁን የያዘችው ልጃችን ነጂባ ናት። እንደ አንቺ ከደንበኛ ጋር ብዙ አታወራም፣ ሰው ግን ይወዳታል። ከፊት ለፊታችን የነበረው የቆርቆሮ አጥር ተነሥቶ መንገዱ ሰፍቷል፤ ደጃፍ ላይ ሲቀመጡ እንጦጦ ቁልጭ ብሎ ይታያል። «ይሄ አጥር ዓይኔን ዘጋው» እንዳልሽ ኖርሽ፤ ሲነሣ አንቺ አልነበርሽም። ከቀጨኔ ዳገት ሸክላ ተሸክመው የሚወርዱት ሴቶች አሁንም ደጃችን ላይ አረፍ ይላሉ፤ ስምሽን ጠርተው ነው ውሃ የሚጠይቁት። ልጃችን አንዋር ድሬዳዋ ሥራው ላይ ነው። የነገሩ ሁሉ መነሻ እሱ ነው።

አንዋር እዚያ ሰሚራ የምትባል ልጅ ወደደ። መጀመሪያ የነገረው ደግሞ ለእኔ አይደለም፤ ለአጎቱ ለኢብራሂም ነው። ታናሽ ወንድምሽ ከሸጎሌ ከብት ገበያ ወደ ሱቃችን መጣና የበግ ዋጋ እንደሚደራደር ሰው ዙሪያ ጥምጥም ከሄደ በኋላ ነገሩን አወጣው። የልጅቷ አባት ሐጂ ዑመር ይባላሉ። ሽማግሌ ሆነን መሄድ ያለብን እኔና እሱ ነን። አንዋር ለሁለታችንም የአውሮፕላን ትኬት ላከልን። ታውቂያለሽ፣ እኔ አውሮፕላን ያየሁት አንጋጥጬ ብቻ ነው። ደስ አለኝ፤ ፈራሁም።

ሰንጢሽን እዚህ ላይ ማንሣት አለብኝ። ያቺ የቀንድ እጀታዋ በዕድሜ ቢጫ የሆነች፣ ስትታጠፍ ከመዳፍ የማትበልጥ ሰንጢ። አባትሽ በንግድ ዘመናቸው ሁሉ ከወገባቸው ያልለዩዋት፤ ሲሞቱ ለወንድ ልጃቸው ሳይሆን ለአንቺ የተዉልሽ፣ ገበያ አብረሻቸው የዋልሽው አንቺ ስለነበርሽ። የጆንያ አፍ በእሷ ስትፈቺ ክሩን አንድም ቦታ ሳትበጥሺ ነበር፤ ክሩን ጠቅልለሽ ደግሞ ለሌላ ቀን ታስቀምጪው ነበር። ሳሙና ለሁለት ስትቆርጪ የግራው ከቀኙ አይበልጥም። ደንበኛ ሲበዛ እኔ ካርቶን በጥርሴ ልከፍት ስል ከጀርባዬ መጥተሽ ሰንጢዋን በመዳፌ ላይ ታኖሪያለሽ፤ አንዲት ቃል አትናገሪም።

በለቅሶሽ ሰሞን ኢብራሂም ሰንጢዋን ፈለጋት። አፉን ሞልቶ አልጠየቀኝም፤ «የአባታችን ነገር ናት» ብቻ ነው ያለኝ። ገብቶኛል። እኔ ግን ከእኔ አትለይም አልኩት። ሁለተኛ አላነሣውም። ከዚያ ወዲህ በጃኬቴ ኪስ ውስጥ ኖረች፤ ሰው ሲያነጋግረኝ እንኳ እጄ እሷን ነበር የሚዳብሰው።

የድሬዳዋው ጉዞ ሲቆረጥ ይዣት ልሄድ ወሰንኩ። ለልጅሽ ሚስት ሲጠየቅ አንቺ ልትኖሪ ይገባ ነበርና፣ ከአንቺ የሆነ አንድ ነገር አጠገቤ ይሁን ብዬ ነው። ግን ሰንጢ አውሮፕላን ላይ ይፈቀዳል ወይ? ብዬ ብጠይቅ ሰፈሩ በሙሉ አዋቂ ሆነ። ዱባይ የሚመላለሰው የጨርቅ ነጋዴ ጎረቤታችን፣ ስለቱ ከጣት ካነሰ ማንም ምንም አይልህም አለኝ፤ እሱ ራሱ ይዞ ገብቶ እንደሚያውቅ ማለ። መስጊድ የማገኘው ወጣት ደግሞ የጥፍር መቁረጫ እንኳ ይወስዳሉ ብሎ አስደነገጠኝ። ሌላው፣ ለሽማግሌ ሰው ዝም ብለው ያልፋሉ አለ። አንዋር በስልክ ከኢንተርኔት አንብቦ፣ ትንሽ ሰንጢ የሚፈቅድ አገር እንዳለ፣ ጨርሶ የማይፈቅድም እንዳለ ነገረኝ። የእኛስ የትኛው ነው? ስለው ትንሽ አሰበና፣ «አባ፣ ቤት ብትተዋት ይሻላል» አለኝ። ኢብራሂምን አልጠየቅኩትም። ለምን እንዳልጠየቅኩት ይገባሻል።

የጉዞው ቀን ሰንጢዋን በካልሲ ጠቅልዬ ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኳት። የአየር ማረፊያው የመጀመሪያ በር ላይ ቦርሳዬ በማሽን ሲያልፍ ፈታሹ ወጣት አያት። ቦርሳው ከሥር ከጭነት ጋር የሚሄድ ከሆነ ችግር እንደሌለው፣ በእጄ ይዤ መግባት ግን እንደማይፈቀድ በትሕትና ነገረኝ። እሺ ብዬ ራሴን ነቀነቅሁ። ኢብራሂም ቀድሞኝ አልፎ ጫማውን እያሰረ ስለነበር አልሰማንም።

አየሽ፣ ተነግሮኛል። አላወቅኩም ነበር ልልሽ አልችልም።

ትኬት የምታየው ልጅ ቦርሳዬን ተመልክታ፣ ትንሽ ስለሆነ ከፈለግኩ ይዤው መግባት እንደምችል ነገረችኝ። እሷ ውስጡ ምን እንዳለ አታውቅም፤ እኔም አልነገርኳትም። ለሽምግልናው የምለብሰው ልብስና ለልጅቷ እናት የያዝነው ሻሽ እዚያ ውስጥ ነበር፤ ከዓይኔ ባይርቅ ወደድኩ። ደግሞስ፣ አልኩ በልቤ፣ ክፉ ነገር ቢሆን የመጀመሪያው በር ላይ መቼ ያሳልፉኝ ነበር? ያኛው አሳለፈኝ፣ ይቺ ያዘው አለችኝ፤ እንግዲህ የጨርቅ ነጋዴው እውነቱን ነው ማለት ነው። ሰው ራሱን ሊያታልል ሲፈልግ ምክንያት አያጣም።

ሁለተኛው ፍተሻ ላይ ቀበቶና ጫማ አስወልቀው በካልሲ አቆሙን። ከኋላዬ ሰልፉ ረዝሟል። ማሽኑ ቆመና ፈታሿ ቦርሳዬን ወደ ጎን ሳበችው። ልብሴን አወጣች፣ መስገጃዬን አወጣች፣ ሻሹን አወጣች፤ መጨረሻ ላይ የተጠቀለለውን ካልሲ ፈታችው። ሰንጢዋን ዘርግታ ከፍ አድርጋ ያዘቻት። ከኋላ የቆመች አንዲት ሴት ልጇን ወደ ራሷ አስጠጋች።

«አባባ፣ ይሄ የእርስዎ ነው?» አለችኝ ፈታሿ።

አዎ ማለት ብቻ ነበር የሚጠበቅብኝ። አዎ፣ የባለቤቴ ነበር፣ አጥፍቻለሁ ይቅርታ፤ በቃ። ግን ያ ሁሉ ዓይን እኔ ላይ ነበር። ሽበቴን ይዤ፣ ሱሪዬን በእጄ ጨብጬ፣ አውራ ጣቴ ከካልሲዬ ወጥቶ ቆሜያለሁ። ሲሰርቅ የተያዘ ሰው የሆንኩ መሰለኝ። አፌ ከልቤ ቀደመ።

«አላውቀውም» አልኩ።

ፊቷ ተለወጠ። ቦርሳውን ማን እንዳዘጋጀው፣ ሌላ ሰው ነክቶት እንደሆነ፣ ከማላውቀው ሰው ዕቃ ተቀብዬ እንደሆነ ትጠይቀኝ ጀመር። እኔ በአንዲት ቃል ከነገሩ የምወጣ መስሎኝ ነበር። ሳላውቅ ሌላ ሰው በቦርሳዬ ስለት ከትቷል ማለት ግን ሰንጢ ከመያዝ የባሰ ነገር መሆኑን ያኔ ገባኝ። አለቃዋን ጠራች፤ ሁለት ሰዎች መጡ። ያን ጊዜ እንኳ እውነቱን መናገር እችል ነበር። አልተናገርኩም።

ኢብራሂም አልፎ ነበር። ጫማውን በእጁ እንዳንጠለጠለ ተመልሶ መጣ። መጀመሪያ ሰንጢዋን አያት። በአባቱ ወገብ ላይ ገና ዳዴ ሲል ጀምሮ የሚያውቃት ናት። ከዚያ እኔን አየኝ። ብዙ አላየኝም፤ ያቺ አንዲት እይታ ግን እስከ ዛሬ አለች።

«የእኔ ናት» አለ። «የአባቴ ናት። እኔ ነኝ የከተትኳት፣ እሱ አያውቅም።»

ወደ ጎን ወሰዱት። ሲወስዱት ዞሮ፣ ሂድ፣ ሰው እየጠበቀን ነው አለኝ። ሰንጢዋን ግልጽ ሣጥን ውስጥ ከመቀሶችና ከምላጮች ጋር ጣሏት፤ ድምፅዋን ሰማሁት። እኔም ጫማዬን አድርጌ ሄድኩ። ዘሀራ፣ ትቼው ሄድኩ። ከውሸቱ ይልቅ ይሄ ያሳፍረኛል። ውሸቱን ድንጋጤ አመጣው ልበል፤ እስከ አውሮፕላኑ በር ድረስ ግን በገዛ እግሬ ነው የሄድኩት። አጠገቤ የነበረው ወንበር ባዶውን በረረ። በዕድሜዬ ሙሉ የጓጓሁለትን ሰማይ ቀና ብዬ አላየሁትም።

አንዋር ድሬዳዋ ላይ ሲቀበለኝ አጎቱን ፈለገ። ጉዳይ ገጥሞት ቀረ አልኩት። ፊቴን አይቶ መጠየቁን ተወ።

ሐጂ ዑመር ቀጭን፣ ዝግ ብለው የሚናገሩ ሰው ናቸው። ወንድሞቻቸውን ሰብስበው ጠበቁን። ሰላምታው አለቀ፣ ሻይ ቀረበ፣ ዱዓ ተደረገ። እኔ የመጣሁበትን ልናገር ጉሮሮዬን ስጠርግ ቀደሙኝና፣ ሁለት ሽማግሌ እንጠብቅ ነበር፣ አንደኛው የት ቀሩ ብለው ጠየቁ። ታሞ ነው ልል አፌን ከፈትኩ። ያን ጊዜ አንዋር ከጎኔ መቀመጡ ትዝ አለኝ። ለእሱ ጉዳይ ገጥሞት ነው ብዬዋለሁ። ሁለቱ ውሸቶቼ አንድ ክፍል ውስጥ ሊገናኙ ሆነ። ከዚያ ወዲያ መሸሻ አልነበረኝም።

ነገርኳቸው። ሁሉንም፣ ካልሲውን ሳይቀር። ልጅህ ፊት፣ ልጅህ በሚያገባበት ቤት፣ እንዲህ ያለ ነገር ስለ ራስህ መናገር ምን እንደሚመስል አላህ ለጠላቴም አያሳየው። አንዋር ምንጣፉን ነበር የሚያየው። ሐጂ ዑመር ሻያቸውን ቀስ ብለው አስቀመጡ።

«ልጅዎን ወደነዋል» አሉኝ። «ግን ቃላችንን የምንሰጠው ለዚያ ለቀረው ሰው ነው። ይዘውት ይምጡ።»

ይዘውት ይምጡ ማለት ለእሳቸው ቀላል ነበር። ኢብራሂምን ያን ቀን ከሰዓት በኋላ ቃሉን ተቀብለው፣ መክረው ለቀውታል። አልደወለልኝም። እኔም አልደወልኩለትም። አዲስ አበባ ስመለስ ሰንጢዋን ብመልስለት ይሻላል ብዬ አየር ማረፊያው ሄጄ ለመንኩ፤ የተወሰደ ዕቃ እንደማይመለስ ነገሩኝ። ሰዎቹ ሥራቸውን ነው የሠሩት፤ ሕጉንም አሁን በደንብ አውቀዋለሁ። ሰንጢ ቢያጥርም ቢረዝምም በእጅ ተይዞ አይገባም፤ በሚጫን ሻንጣ ነው የሚላከው። ለጨርቅ ነጋዴው ስነግረው አሁንም ይከራከረኛል።

ረመዳን ገባ። ኢብራሂም በየሳምንቱ አንድ ቀን ከእኛ ጋር ያፈጥር እንደነበር ታስታውሻለሽ፤ ቴምሩን ከፍሬው ለይተሽ ትጠብቂው ነበር። ዘንድሮ አልመጣም። ነጂባ ሳህኑን ታቀርብና መልሳ ታነሣዋለች። ምን አደረግከው ብላ አልጠየቀችኝም፤ አንዋር ነግሯት መሆን አለበት። በዒዱ ቀን እንኳ ደጃችንን ሳይረግጥ ቀረ። ያን ዕለት ሰው ሁሉ እየተቃቀፈ ዒድ ሙባረክ ሲባባል፣ እኔ የወንድምሽን ቤት መንገድ የማላውቅ ይመስል ሱቁ ውስጥ ተደብቄ ዋልኩ። አንዋርም በስልክ ድምፁ ተለውጧል። አይወቅሰኝም፤ ሰሚራ እንዴት ናት ስለው ደህና ናት ይልና ይዘጋል። የሁለት ልጆች ነገር በእኔ ፈሪነት ቆሞ ቀረ።

ከዒዱ በኋላ ሸጎሌ ወረድኩ። ኢብራሂም በበሬዎች መሃል ቆሞ እየተደራደረ ነበር። አየኝና ድርድሩን ቀጠለ። በሬው እስኪሸጥ፣ ገዢው እስኪነዳው ድረስ ጭቃው ላይ ቆሜ ጠበቅሁ፤ እንዲያስጠብቀኝም ፈለግኩ። ሲጨርስ ሻይ ቤት ይዞኝ ገባ። ስለ ፍተሻው ምሬት ይነግረኛል ብዬ ነበር፤ ምንም አላማረረም። የያዙት ሰዎች በክብር እንዳነጋገሩት፣ አንደኛው ግን ነገሩ ገብቶት፣ አባባ፣ ባለቤቱ የእኔ ነው ቢል ኖሮ ዕቃው ቀርቶ ሰውየው ይሄድ ነበር እንዳለው ነገረኝ። ከዚያ የሻይ ብርጭቆውን እያየ ተናገረ።

«ሰንጢው ብረት ነው። አላውቀውም ስትል ግን እህቴን አላውቃትም ያልክ መሰለኝ።»

ይቅር በለኝ አልኩት። ሁለተኛ አላልኩም፤ ይቅርታ ሲደጋገም ራስን ማባበል ይሆናል። ሐጂ ዑመር ያሉትንም ነገርኩት። ለአንዋር ስል እሄዳለሁ፣ ግን በአውቶቡስ ነው አለ። ሲናገር ከንፈሩ ጫፍ ላይ የሆነ ነገር ነበር፤ ሳቅ ነው ብዬ ለማመን ደፈርኩ።

በአውቶቡስ ሄድን። አዋሽን እስክንሻገር ብዙ አልተነጋገርንም። ከዚያ በኋላ ስለ ከብት ዋጋ፣ ስለ ዝናቡ፣ ስለ ጉልበት ሕመሙ አወራኝ። እኔም ሰማሁት። መስኮቱ ጋ የተቀመጠው እሱ ነበር።

በሐጂ ዑመር ቤት የተናገረው ኢብራሂም ነው፤ እኔ አንገቴን ደፍቼ ነበር የተቀመጥኩት። ሐጂ ዑመር አማችዎ የነገሩን እውነት ነው ወይ ብለው ጠየቁት። እውነት ነው አለ። ምንም አላለዘበም። ከዚያ ግን ቀጠለ፦

«የቤተሰቡን ነገር የምትጠይቁኝ ከሆነ፣ እህቴ ታማ አልጋ ስትይዝ እኔ ወንድሟ ማየት አቅቶኝ ከበር ነበር የምመለሰው። ሲያጥባትና ሲያጎርሳት የነበረው ይሄ ሰው ነው። የማውቀው ይሄንን ነው።»

ዘሀራ፣ ቢሰድበኝ ይቀለኝ ነበር። እንባዬ መጣ፤ ሰው እንዳያይብኝም አልሸሸግኩትም። ሐጂ ዑመር ተነሥተው ወንድምሽን አቀፉት፤ ቃላቸውንም ለእሱ ሰጡት። ኒካሁ ኢንሻአላህ ከዐረፋ በኋላ ነው። ሰሚራንም አየኋት፤ ጸጥ ያለች፣ ዓይኗ የሚስቅ ልጅ ናት። አንቺ ብታያት እጇን ይዘሽ አትለቂያትም ነበር።

አንዋር ያን ቀን ማታ እጄን ሳመኝ። ይቅር ያለኝ ይመስለኛል። ኢብራሂም ይቅር ማለቱን ግን አላውቅም። ወደ ቤት መምጣት ጀምሯል፤ ከነጂባ ጋር ይቀልዳል፤ አንዳንዴ እኔ ስናገር ዝም ብሎ ያየኛል። እሱን አልጠይቀውም። በጊዜው የሚሆን ነገር ነው፤ ባይሆንም መብቱ ነው።

አሁን ዓርብ ዓርብ ከጁምዓ በኋላ አንቺ ጋ የምንመጣው ሁለታችን ነን። እሱ ከፊት ይቆማል፣ ዱዓውን እሱ ያደርጋል፣ እኔ ከኋላው አሚን እላለሁ። እግሬ እስከቻለ ድረስ እመጣለሁ፤ እግሬ ሲያቅተው ባለሁበት ስምሽን እየጠራሁ እውላለሁ። የልጆቻችን ልጆች ሴት አያታችን ምን ዓይነት ሰው ነበረች ብለው ሲጠይቁኝ ስለ አንቺ ያለኝን ሁሉ እነግራቸዋለሁ። ያን የፍተሻ ቀንም አልዘለውም። ከሌላ ሰው ሳይሆን ከእኔው አፍ ይስሙት።

ሰዒድ